የሌሊት ደርሶ መልስ፦ ከለገጣፎና ከአያት ለሚነሳ አብራሪ እንቅልፉ መቼና እንዴት ይታቀድ?

የጣፎ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ በሁለት አብራሪ ብቻ ስለሚሠራ የሌሊት ደርሶ መልስ በረራ ነው። ሪፖርት (ሥራ ላይ መገኛው) ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ መነሻ ሌሊት 6 ሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል መሄጃ፣ አንድ ሰዓት መሬት ላይ፣ ከዚያ 9 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ንጋት 12 ሰዓት ቦሌ ማረፍ። ቤቱ ለገጣፎ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጎረቤት ግንባታ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ። ሮስተሩ (የሥራ መርሐ ግብሩ) ላይ በቂ የእረፍት ሰዓት አለ፤ የሚያስቸግረው ያንን ሰዓት እንቅልፍ ማድረጉ ነው። ቀኑን እንዴት ልከፋፍለው? ቡናውስ መቼ ይጠጣ? በመልሱ ላይ ዓይን እምቢ ሲል ኮክፒት ውስጥ የእውነት የሚሠራው ምንድን ነው? «ተጫወቱ፣ መብራት አብሩ፣ ፊትህን ታጠብ» ከሚለው ያለፈ መልስ እፈልጋለሁ። ለረዳት አብራሪ የሚሆን ቢሆን ደግሞ በተለይ ደስ ይለኛል።

ዙሉ ሲደመር ሦስት፦

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስተህ ቀን ሳትተኛ ብትሄድ፣ ከነቃህ 17 ሰዓት የሚሞላህ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። አውሮፕላኑ ገና ከቦታው ሲነቃነቅ ማለት ነው። ዳውሰንና ሪድ እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር ላይ ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት የነቃ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተመጣጥኖ ተገኝቷል። 24 ሰዓት ሲሞላ 0.10 ይደርሳል። አንተ ቦሌ የምታርፈው በ23ኛው ሰዓት ላይ ነው።

የሰውነት ሰዓት ደግሞ ሌላ ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፣ ንቃትም አብሮ ይወርዳል። የመልሱ በረራ ከመነሻ እስከ ማረፊያ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የሌሊቱ ነገር የሚወሰነው ቀን አልጋ ላይ ነው። ኮክፒት ውስጥ የምታደርገው ሁሉ ቀዳዳ መድፈን ነው።

በዋዜማው በለመድከው ሰዓት ተኛ፤ ጠዋት ግን ማንቂያ አትሙላ፣ ሰውነት ራሱ እስኪነቃ ይተኛ። ከዚያ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት አልጋ ላይ ሁን። አንድ የእንቅልፍ ዙር ወደ 90 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ዙር ለመሙላት 3 ሰዓት፣ እንቅልፍ እስኪመጣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያዝ። ከምሳ በኋላ ሰውነት በተፈጥሮው ስለሚደክም ጊዜው ያግዝሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ማታ 1 ሰዓት ላይ ጋደም እላለሁ» ብሎ ሲያቅድ ነው። ከለመድከው መኝታ በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ሰውነት እንቅልፍን አጥብቆ የሚገፋባቸው ናቸው። ተገላብጠህ፣ ተናደህ፣ ሳትተኛ ሪፖርት ትደርሳለህ።

አሁን ወደ ክፍሉ። መጋረጃ ብቻውን የአዲስ አበባን የቀትር ፀሐይ አይችለውም። መስኮቱን ከውስጥ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍነህ ጠርዙን በፕላስተር ዙሪያውን ያዘው። በዳር የሚገባው ቀጭን ብርሃን ነው የሚቀሰቅሰው። ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ከሌለ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ይግላል፤ ስለዚህ ፀሐይ ያልዞረበትን፣ ብዙ ጊዜ ምሥራቅ በኩል ያለውን ክፍል ምረጥ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ አንድ ወጥ ሆኖ ሲወርድ ሌላውን ድምፅ ስለሚውጥ ያስተኛል፤ በረዶ ሲቀላቀልበት ነው የሚያባንነው።

የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ተጠቀም፤ ግን አገባቡን እወቅ። በጣቶችህ አሽተህ ቀጭን አድርገው። በሌላው እጅህ የጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበህ አስገባው። እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል በጣትህ ያዘው። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልገባም ማለት ነው፤ ስትገላበጥ ይወድቃል። በደንብ ከገባ ደግሞ የስልክህን ማንቂያም ሊያፍነው ስለሚችል ስልኩ በንዝረት ትራስ ሥር ይሁን፣ የቤት ሰውም 11 ሰዓት ላይ እንዲቀሰቅስህ ንገር። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩን ከመተኛትህ በፊት ሙላው።

አንድ ነገር አስቀድመህ እይ። በዐቢይ ጾም በአዘቦት ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ድምፅ ማጉያው የሚጮኸው ልክ አንተ በምትተኛበት ሰዓት ነው። በእነዚያ ሳምንታት የሌሊት በረራ ሲደርስህ ከማጉያው ራቅ ያለ የዘመድ ቤት ተነጋግረህ ያዝ። የግንባታው ጉዳይ ይቀላል። ፎርማኑን ቀርበህ «ማክሰኞ ከ7 ተኩል እስከ 11 መቁረጫውን ወደዚያኛው ጥግ ብትወስዱልኝ» ብትለው ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ቀኑንና ሰዓቱን ለይተህ ስትጠይቅ ነው ግን።

ለዓርብ አጥቢያ፦

ከላይ ባለው ላይ ስለ ሰዓት አንድ ማከያ። እኛ በሦስት ሰዓት ነው የምንኖረው። ሮስተሩ በዙሉ (ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም አቀፍ ሰዓት) ነው፣ ስልኩ በፈረንጅ፣ ቤተሰቡ በአገር ቤት። የዚህ በረራ ሪፖርት 20:00 ዙሉ ነው፤ ስልክህ ላይ 23:00፣ ለእናትህ 5 ሰዓት ማታ። ለ11 ሰዓት ማንቂያ ስትሞላ 17:00 ካልጻፍክ ወይ ማታ 5 ላይ ይጮሃል ወይ ጭራሽ አይጮህም። ቀኑም ይምታታል። መነሻው ስልክህ ላይ ዓርብ 00:00 ነው፣ በዙሉ ግን ገና ሐሙስ 21:00። ለቤት ሰው «ሐሙስ ሌሊት» ከማለት «ለዓርብ አጥቢያ» ብለህ ጻፍ፤ የቱ ሌሊት እንደሆነ ማንም አይጠይቅህም።

ክሩዝ ከፍታ፦

የኮክፒቱን እኔ ልመልስ። የእውነት የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅልፍ። ወሬ፣ መብራት፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ቆም ብሎ መንጠራራት ለደቂቃዎች ያነቃሉ፤ የእንቅልፍ ዕዳውን አይቀንሱም። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት የ40 ደቂቃ እረፍት የተፈቀደላቸው አብራሪዎች በአማካይ 26 ደቂቃ ተኝተዋል፤ ካልተኙት ጋር ሲነጻጸሩም በበረራው መጨረሻ ላይ ንቁ ሆነው ተገኝተዋል። «ኮንትሮልድ ሬስት» የሚባለው አሠራር፣ ማለትም አንዱ አብራሪ ወንበሩ ላይ እንዳለ በሥርዓት ለአጭር ጊዜ መተኛቱ፣ ከዚያ በኋላ ነው በብዙ አገር የተስፋፋው። አሜሪካ ግን ለራሷ አየር መንገዶች እስካሁን አልፈቀደችም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትከፍተው የኩባንያህን ኦፕሬሽን ማንዋል ክፍል ሀ ነው። እዚያ ካልተፈቀደ አይደረግም።

ከተፈቀደ አካሄዱ እንዲህ ነው። በክሩዝ (አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ ቀጥ ብሎ በሚበርበት ጊዜ) ብቻ፣ ሥራ በቀለለበት ሰዓት፣ አንድ ሰው ብቻ ይተኛል። ሲጀመር ለዋናዋ አስተናጋጅ በኢንተርፎን ይነገራትና መደወያ ሰዓት ይሰጣታል። በዚያ ደቂቃ ደውላ መልስ ካጣች ወደ ኮክፒት ትመጣለች። የሚተኛው ሥራውን በቃል ያስረክባል፦ ነዳጅ፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ቀጣዩ ነጥብ፣ የአየር ጠባይ፣ ያልተዘጋ ጉዳይ ካለ። መቀመጫውን ከመሪው ወደ ኋላ ይስባል። የትከሻ ቀበቶውን አስሮ ይቆልፋል፤ አንገቱ ሲዘነበል ሰውነቱ መሪው ላይ እንዳይወድቅ ነው። የነቃው ከወንበሩ አይነሳም፤ ሽንት ቤት መሄድ ካለበት ከዚያ በፊት ይሂድ። ከፍተኛው 40 ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ ሰውነት ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ይገባል፤ ከጥልቅ እንቅልፍ የተቀሰቀሰ ሰው ደግሞ ዓይኑ ቢከፈትም አእምሮው ገና አልተመለሰም። ስለዚህ ከነቃ በኋላ 20 ደቂቃ ምንም ውሳኔ አይሰጠውም፣ መሪም አይነካም። እንቅልፉ ከመውረጃው ነጥብ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድሞ ማለቅ አለበት።

የኤር ካናዳ በረራ 878 ላይ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2011 ከቶሮንቶ ወደ ዙሪክ ሲበር ረዳት አብራሪው 40 ደቂቃውን አልፎ 75 ደቂቃ ያህል ተኛ። እንደ ነቃ ቬኑስን የሚመጣ አውሮፕላን አድርጎ አያት። ቀጥሎ የእውነት ሌላ አውሮፕላን ከሩቅ ሲመጣ ሊገጫቸው የሚወርድ መሰለውና መሪውን ወደ ፊት ገፋው። 14 ተሳፋሪዎችና 2 አስተናጋጆች ተጎዱ። ሰማዩ ላይ ምንም አደጋ አልነበረም።

በአንተ በረራ ላይ ስናሰላው፣ ከሁለት ሰዓት ተኩሉ ውስጥ መውጫና መውረጃው ሲቀነስ ክሩዙ 95 ወይም 100 ደቂቃ ቢሆን ነው። 40 ደቂቃ እንቅልፍና ከመውረጃው በፊት 30 ደቂቃ ሲደመር 70። ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ለሁለት ተራ አይበቃም። ስለዚህ በመልሱ ላይ የሚተኛው አንድ ሰው ነው፤ ማን እንደሚሆን መሬት ላይ፣ ነዳጅ ሲሞላ ተነጋገሩበት። ይበልጥ የደከመው ይተኛ። እዚህ ላይ ማዕረግ አይታይም።

ደቂቃውንም ምረጥ። በእኛ ሰማይ ከአንዱ አገር ክልል ወደ ሌላው ስትሻገር ሬዲዮው ይበዛል። ቀጣዩ ተቆጣጣሪ ቶሎ ላይመልስ ይችላል፣ አብራሪዎች እርስ በርስ በሚሰማሙበት በ126.9 ፍሪኩዌንሲ ላይም ቦታህን ታሰራጫለህ። እንቅልፉ ከአንዱ ድንበር ተሻግሮ ቀጣዩ ሳይደርስ ይሁን። የነቃው ሰው ያንን 126.9 በቁም ነገር ይያዝ፤ ለደኅንነትም ነው፣ ለራሱም አፉንና ጆሮውን ሥራ ያስይዘዋል።

ስለ ቡና፦ ካፌይን ሥራ ለመጀመር 20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ግማሹ ከደም ለመውጣት ደግሞ ወደ 5 ሰዓት። ስለዚህ ሊተኛ ያለው ሰው ከመተኛቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቢጠጣ ሲነቃ አብሮት ይነቃል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግን ግማሹ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ደምህ ውስጥ ነው፤ ቤት ደርሰህ የምትተኛውን ይሰርቅሃል። የመጨረሻው ስኒ የመልሱ መነሻ ላይ፣ ወይም ክሩዝ እንደተያዘ ይሁን። ቀን ቤት ውስጥ ቡና ከተፈላ አቦሉን ጠዋት ጠጥተህ ከምሳ በኋላ ያለውን ተው።

የጣፎ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ካፕቴኑ በዕድሜም በልምድም አባቴ የሚሆኑ ሰው ሲሆኑ «እንቅልፍ መጣብኝ» ማለት ይከብዳል። እንዴት ይባላል? ሳይባል ቢቀርስ በምን ይታወቃል?

ክሩዝ ከፍታ፦

ወንድሜ፣ ይሉኝታው አገር ያወቀው ነው፣ ግን እዚህ ቦታ የለውም። መንገዱ ነገሩን ቀድሞ ማንሳት ነው። ብሪፊንግ ላይ፣ ማንም ሳይደክም፦ «ካፕቴን፣ መልሱ ሙሉውን ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። አንዳችን ከከበደን ኮንትሮልድ ሬስት እንድናደርግ ይፈቅዳሉ? እኔ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ተኝቻለሁ፣ እርስዎስ?» ቁጥር ስትጠይቅ የሚመጣልህ ቁጥር ነው። በረራ ላይ ደግሞ ድካምን በቁጥር ተናገሩ፤ ከ1 እስከ 7 ባለው የሳምን-ፔሬሊ የድካም መለኪያ 1 ሙሉ ንቁ ነው፣ 7 ፈጽሞ መሥራት የማይችል። «ካፕቴን፣ 5 ላይ ነኝ» ማለት «ደከመኝ» ከማለት ለአፍም ይቀላል፣ ለሰሚውም ግልጽ ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። የራሳችሁን ጥሪ ምልክት ተቆጣጣሪው ሁለተኛ ሲጠራ ብቻ መስማት። አንድ መስመር ሦስት ጊዜ አንብቦ አለመያዝ። ከፍታ ሲታዘዝ ደግሞ ማስገባት መርሳት። ጨዋታ መሐል ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ዝም ማለት። የራስ መወዝወዝ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በፊት ሰከንዶች የሚቆይ ሸለብታ አልፏል፣ ባለቤቱም አያውቀውም። የደከመ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠውን «ደህና ነኝ» አትመን። የራስህንም ቢሆን።

አውሮፕላኑ ይቀሰቅሰናል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። 777 እና 787 ላይ ለረጅም ጊዜ ማንም ምንም ቁልፍ ካልነካ መልእክት ያወጣል፤ መልስ ካጣ ደረጃውን ከፍ አድርጎ ይጮሃል። ይህ ግን ሁለታችሁም ከተኛችሁ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ብዙ አውሮፕላን ላይ ደግሞ የለም። ኦቶ ፓይለቱ የመውረጃውን ነጥብ ቢያውቀውም ሰው ዝቅ ያለውን ከፍታ ካላስገባለት አይወርድም፤ በያዘው ከፍታ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2024 የኢንዶኔዥያው ባቲክ ኤር ኤርባስ 320 ከ153 ተሳፋሪ ጋር ከኬንዳሪ ወደ ጃካርታ ሲበር 28 ደቂቃ ያህል ሁለቱም ተኝተው ነበር። ካፕቴኑ አስፈቅዶ ተኛ፤ ነቅቶ የቀረው ረዳት አብራሪው ነበር። ረዳቱ ቤቱ የአንድ ወር መንታ ሕፃናት አሉት፣ በዋዜማው በቂ እንቅልፍ አላገኘም። ተራው የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ጨቅላ ልጅ ያለው ሰው ከሌሊት በረራ በፊት ለብቻው ሌላ ክፍል መተኛቱን እንደ ሥራው ክፍል ይቁጠረው፤ ለሚስቱም እንደዚያ ብሎ ያስረዳት።

አቀራረቡን ደግሞ አቅልሉት። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። መሣሪያው 140 ኖት እያሳየህ የእውነት ፍጥነትህ 160 ገደማ ነው፤ በተለመደው የሦስት ዲግሪ ቁልቁለት ለመውረድም በደቂቃ 700 ሳይሆን 800 ጫማና ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል። ሁሉም ነገር ፈጥኖ ይመጣል፣ የደከመ አእምሮ ደግሞ ዘግይቶ ይደርሳል። የአቀራረብ ብሪፊንጉን የተኛው ሰው 20 ደቂቃውን እንደጨረሰ፣ ገና ክሩዝ ላይ ሳላችሁ ጨርሱት። አቋራጭ ቢሰጣችሁ «አንችልም፣ ሙሉውን እንሄዳለን» በሉ። ረዘም ያለ ፋይናል (ወደ ማኮብኮቢያው የሚያደርሰውን የመጨረሻ ቀጥታ መስመር) ጠይቁ፤ ጎማውንና ፍላፑን ከወትሮው ቀደም አድርጋችሁ አውርዱ።

የበረራ ሐኪም፦

ከሕክምናው በኩል በአጭሩ። የእንቅልፍ ክኒን በራስህ ፈቃድ አትውሰድ። የሚያስተኛ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒትም እንደዚያው፤ ፋርማሲ በነጻነት መሸጡ ለአብራሪ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ሁሉንም ከአቪዬሽን ሐኪምህ ጋር ጨርስ። ጫት «ያነቃል» የሚል ወሬ ይሰማል። አነቃቂ ነው፣ ለአብራሪ አይፈቀድም፤ ሲለቅ ደግሞ የሚያመጣው ድብታ የሚደርሰው ልክ ወደ ንጋቱ ነው። ጠላም ሆነ አረቄ «ለመተኛት» ብሎ መጠጣት እንቅልፉን ከመሐሉ ይቆራርጠዋል፤ ከበረራ በፊት ያለውን የስምንት ሰዓት ገደብም አስብ፣ ብዙ ኩባንያ ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

ጾም ላይ ያለ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ቆይቶ ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ ትሪ ሽሮና እንጀራ ከበላ፣ የመጀመሪያውን በረራ ከምግቡ ጋር ሲታገል ያሳልፋል። ማታ በመጠን ብላ፤ ቀሪውን ቆሎ፣ ሙዝ፣ ዳቦ አድርገህ ሌሊቱን ከፋፍለው። ውኃ ላይ ግን አትጨክን። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባትህ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር፤ በረመዳን የሚጾም ባልደረባም ከሃይማኖት አባቱና ከሐኪሙ ጋር እንዲሁ።

«ከፍታው ነው የሚያስተኛን» የሚሉ አሉ። ለእኛ ሰው አይደለም። ካቢኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ የ2,440 ሜትር ከፍታ ያህል ነው፣ ከቦሌ ብዙም አይበልጥም፤ በ787 ደግሞ 1,830 ገደማ፣ ማለትም ከቦሌ ያነሰ። ዓይንህን የሚያከብደው የአየሩ ድርቀት ሊሆን ይችላል፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ሌላው፦ ስምንት ሰዓት ተኝቶም ደክሞት የሚነሳ፣ የሚያንኮራፋ፣ ሚስቱ «ትንፋሽህ ይቆማል» የምትለው ሰው የእንቅልፍ ምርመራ ያድርግ። ይታከማል፣ ታክሞም ይበረራል።

የመርሐ ግብር ጠረጴዛ፦

ከሮስተር ወገን ያለውን ልጨምር። ሕጎች የሚቆጥሩት የእረፍት ዕድልን እንጂ የተተኛን እንቅልፍ አይደለም። የአውሮፓው ከመነሻ ጣቢያ ውጭ ቢያንስ 10 ሰዓት እረፍት፣ በውስጡ 8 ሰዓት የመተኛ ዕድል ይጠይቃል፤ የአሜሪካውም እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰው ከሞተበት አደጋ በኋላ ተሻሽሎ ከ2014 ጀምሮ ተመሳሳይ ነው። ቤትህ ስታርፍ ደግሞ ከለገጣፎ የምትመላለሰው መንገድ ከእረፍት ዕድልህ ላይ ነው የሚቀነሰው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጣፎና አያት ቤት የሚሠሩ ባልደረቦች ይህንን ከወዲሁ ያስቡበት።

መብረር የማትችል ከሆነ ስትደውል «አሞኛል» አትበል፣ «ፋቲግ ነኝ» (ለመብረር የማያበቃ ድካም አለብኝ) በል። ሰው ሁሉ «አሞኛል» ሲል ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የታመመ ሰው ብቻ ነው፤ ያ በረራ ሰው እያደከመ እንደሆነ ማንም አያየውም፣ በሚቀጥለው ወር ሮስተር ላይም እንደነበረ ይወጣል። ሪፖርቱ ላይ ስሜትህን ሳይሆን ሰዓቱን ጻፍ፦ የነቃህበት፣ ባለፉት 24 እና 48 ሰዓታት የተኛኸው በድምሩ፣ የት እንደተኛህ፣ ምን እንደቀሰቀሰህ፣ ከቤት የወጣህበት፣ በረራ ላይ የታየ ስህተት ካለ በዙሉ ደቂቃው። ቁጥሩ ሲጠራቀም መነሻ ሰዓት የሚቀየርበት ወይም ሦስተኛ አብራሪ የሚመደብበት ምክንያት ይሆናል።

ጠዋቱንም አትርሳው። 12 ሰዓት አርፈህ ወረቀቱ አልቆ ስትወጣ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ከቦሌ ወደ አያትና ጣፎ መንዳት ደግሞ ፊትን ለጠዋት ፀሐይ ሰጥቶ፣ ወደ ከተማ ከሚጎርፈው መኪና ጋር እየተላለፉ ነው። የሠራተኛ መኪና ካለ በእሱ ሂድ፤ በዚያ ላይ ሆነህ ጥቁር መነጽር አድርግ፣ ብርሃኑ ሰውነትህን «ነጋ» እንዳይለው። ራስህ የምትነዳ ከሆነ መነጽሩን ተው፤ ሞተር ሳታስነሳ ወንበሩን ዘርግተህ 20 ደቂቃ ተኛ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ወጣ ብለህ ተራመድ። ቤት እንደደረስክ ቀለል ያለ ቁርስ፣ 3 ሰዓት ላይ አልጋ፣ 7 ሰዓት ላይ ተነስ። ከዚያ በላይ ከተኛህ የማታውን እንቅልፍ ታጣለህ፤ በማግስቱ ያለህ በረራ የጠዋት ከሆነ ደግሞ ያችኑ ማታ ነው የምትፈልጋት።